ንጉሡ ያቃጠለው ክርታስና ሁለቱ የኤርምያስ መጻሕፍት

የዕብራይስጥ ቅዱሳት መጻሕፍት እንዴት እንደ ተጻፉ፣ በማን እጅ እንዳለፉና የዛሬ መልካቸውን እንዴት እንደ ያዙ የሚመረምረው ጥናት በእኛ መካከል ሲነሣ ወሬው ወዲያው ወደ ኦሪት ይዞራል። አንዱ «አምስቱን መጻሕፍት ሙሴ አልጻፋቸውም የሚሉ መጡብን» ብሎ ይቆጣል፤ ሌላው ደግሞ ያንኑ አባባል ሃይማኖት ያበቃለት ይመስል ይዞት ይነሣል። ሁለቱንም ወገን ብዙ ጊዜ አዳምጫለሁ፤ አንዳንዴም ራሴ ገብቼ ተከራክሬአለሁ። እየቆየ ግን አንድ ነገር ያሳስበኝ ጀመር፤ በኦሪት ላይ የሚደረገው ክርክር የቱንም ያህል ብልሃት ቢኖረው በእጅ የሚዳሰስ ብራና የለውም። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን አስትሩክ በ1753 እ.ኤ.አ. ኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔርን በተለያየ ስም ከሚጠሩ ምንጮች የተጋመደ ነው ብሎ ሲጽፍ፣ ጀርመናዊው ዩልዩስ ቬልሃውዘንም በ1878 እ.ኤ.አ. የእነዚያን ምንጮች የዘመን ቅደም ተከተል ሲያቀርብ፣ ማስረጃቸው ሁሉ ከዚያው ከሚነበበው ጽሑፍ ውስጥ የተለቀመ ነበር። (አስትሩክ የተነሣው ሙሴን ለመንቀፍ ሳይሆን ለመከላከል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ምንጮቹን የሰበሰበው ሙሴ ራሱ ነው ባይ ነበር።) ከምንጮቹ አንዱ እንኳ ብቻውን የተጻፈበት ቅጂ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይህ መላ ምቱን ሐሰት አያደርገውም፤ ነገር ግን የሚያምነውም የማያምነውም ሰው በጽሑፉ ስፌት ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ከመፍረድ ሌላ መንገድ የለውም ማለት ነው።

ስለዚህ ከየት ልጀምር ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ከዘፍጥረት ሳይሆን ከኤርምያስ ጀምር እለዋለሁ። በቃላት ብዛት ከዕብራይስጥ መጻሕፍት ሁሉ የሚረዝመው ይህ መጽሐፍ ሌሎቹ አንድ ላይ የሌሏቸው ሦስት ነገሮች አሉት፦ ስለ ራሱ አጻጻፍ የሚተርክ ምዕራፍ አለው፤ በሁለት የተለያዩ እትሞች ደርሶናል፤ በታሪኩ ውስጥ ከሚታዩት ሰዎች የአንዳንዶቹ ማኅተም ከኢየሩሳሌም አፈር ወጥቷል።

ታሪኩ በምዕራፍ 36 ነው። ኢዮአቄም በነገሠ በ4ኛው ዓመት፣ ማለት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ605 ዓመት ገደማ፣ ኤርምያስ እስከዚያን ቀን የተናገረውን ሁሉ በክርታስ እንዲያስጽፍ ታዘዘ፤ የኔርያ ልጅ ባሮክም ከነቢዩ አፍ እየሰማ ጻፈ። በተከታዩ ዓመት በዘጠነኛው ወር በጾም ቀን ባሮክ በመቅደሱ፣ በሳፋን ልጅ በገማርያ ክፍል ሆኖ ለሕዝቡ አነበበው። የገማርያ ልጅ ሚክያስ ይህን ሰምቶ ወደ ቤተ መንግሥት ወርዶ ለሹማምንቱ ነገራቸው። እነርሱም ባሮክን አስጠርተው እንደ ገና አስነበቡትና ቃሉ ካስደነገጣቸው በኋላ፣ ይህን ሁሉ ከኤርምያስ አፍ እንዴት እንደ ጻፈው እንዲነግራቸው ጠየቁት። እኔ እስከማውቀው የዛሬዎቹ ሊቃውንት የሚጠይቁት ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቀው እዚህ ላይ ነው፤ የጠየቁትም ከሓድያን ሳይሆኑ በፍርሃት የሰሙ ሰዎች ናቸው። ባሮክ የመለሰላቸው አጭር ነው፦ እርሱ በአፉ ይነግረኝ ነበር፣ እኔም በቀለም እጽፍ ነበር።

ከዚያ የሚመጣው ትዕይንት በደንብ ይታወቃል። ንጉሡ በክረምት ቤቱ ተቀምጧል፤ በፊቱ እሳት ይነድዳል፤ ይሁዲ የተባለው ሹም ክርታሱን ያነብብለታል። ሦስትና አራት ዐምድ በተነበበ ቁጥር ንጉሡ በጸሐፊ ካራ እየቆረጠ ክርታሱ እስኪያልቅ ድረስ ወደ እሳቱ ይጥለዋል። ኤልናታን፣ ድላያና ገማርያ እንዳያቃጥለው ለመኑት፤ አልሰማቸውም። በመጨረሻ ኤርምያስ ሌላ ክርታስ ለባሮክ ሰጠው፤ ባሮክም የተቃጠለውን ሁሉ እንደ ገና ጻፈ። ምዕራፉ የሚዘጋው እነዚያን የሚመስል ብዙ ቃል እንደ ተጨመረበት በመናገር ነው። የጨመረው ማን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ሆነ፣ ምን ያህል እንደ ሆነ ግን አይናገርም። መጽሐፉ ስለ ገዛ እድገቱ እንዲህ በግልጽ እየመሰከረ፣ «ማደጉን መመርመር ድፍረት ነው» የሚለው ተቃውሞ ከየት እንደሚመጣ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ይህ ምዕራፍ ራሱ ግን የዐይን ምስክር ማስታወሻ ብቻ ተደርጎ ሊነበብ አይገባም። የጻፈው ሰው ከአንድ ትውልድ በፊት የሆነውን፣ በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 22 የተነገረውን ታሪክ በልቡ ይዞ ነው የጻፈው። በዚያ ታሪክ በመቅደሱ የሕግ መጽሐፍ ተገኝቶ ጸሐፊው ሳፋን በንጉሥ ኢዮስያስ ፊት ያነብበዋል፤ ኢዮስያስም ሰምቶ ልብሱን ይቀድዳል። በዚህኛው ደግሞ የኢዮስያስ ልጅ ኢዮአቄም ልብሱን ሳይሆን መጽሐፉን ይቀድዳል፤ ጸሐፊውም ንጉሡና ሎሌዎቹ ልብሳቸውን አለመቅደዳቸውን ለይቶ ይናገራል። አባትና ልጅ ጎን ለጎን እንዲታዩ ተደርጎ የተሠራ ታሪክ ነው። በሁለቱም ውስጥ ያው የሳፋን ቤት መገኘቱም ያጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። የሳፋን ልጅ አኪቃም ኤርምያስን ከሞት አድኖታል፤ ሌላው ልጁ ኤልዓሣ የኤርምያስን ደብዳቤ ወደ ባቢሎን ወስዷል፤ ገማርያ ክፍሉን ለንባብ ሰጥቷል፤ የልጅ ልጁ ጎዶልያስም ከተማይቱ ከወደቀች በኋላ በቀረው ሕዝብ ላይ ተሾሞ ኤርምያስ ከእርሱ ጋር ተቀምጧል። የነቢዩ ቃል የተረፈው በጸሐፍት ቤተ ሰብ ጥላ ሥር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጸሐፍት ደግሞ ቃል ሲጠብቁ ዝም ብለው አይቀዱም።

በ1982 እ.ኤ.አ. አርኪዮሎጂስቱ ይጋል ሺሎ በኢየሩሳሌም በዳዊት ከተማ ባደረገው ቁፋሮ በአንድ ቤት ውስጥ 51 የጭቃ ማኅተሞች አገኘ። ከእነርሱ በአንዱ ላይ «የሳፋን ልጅ የገማርያሁ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ማኅተሞቹ የታሰሩባቸው ሰነዶች ባቢሎናውያን ከተማይቱን ባቃጠሉ ጊዜ አመድ ሆነዋል፤ ጭቃው ግን በዚያው እሳት ተተኩሶ እንደ ሸክላ ጠንክሮ ቆየን። የባሮክ ነው የተባለው ማኅተም ታሪክ ከዚህ ይለያል። እርሱ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከቅርስ ነጋዴዎች ገበያ የወጣ እንጂ በቁፋሮ የተገኘ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ በየመጽሐፉ ሥዕሉ ሲታተም ኖሮ በኋላ የመረመሩት ባለሙያዎች የዘመናችን የሐሰት ሥራ ነው ብለው ደመደሙ። በየስብከቱና በየማኅበራዊ ሚዲያው እስከ ዛሬ የሚዞረው ግን ይኸው ሁለተኛው ነው። ከአፈር የወጣውን የገማርያን ማኅተም የሚያነሣ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በግሪክኛው የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ያለው ኤርምያስ በዕብራይስጡ መደበኛ ጽሑፍ ካለው ከሰባት እጅ አንዱን ያህል ያጥራል፤ የምዕራፎቹ ተራም የተለየ ነው። በአሕዛብ ላይ የተነገሩት ትንቢቶች በዕብራይስጡ ከምዕራፍ 46 እስከ 51፣ ከመጽሐፉ መጨረሻ ይገኛሉ፤ በግሪክኛው ግን በመካከል፣ ከ25፡13 በኋላ ገብተዋል፤ የአሕዛቡም ተራ ተለዋውጧል። በዚህ የተነሣ ስለ ተቃጠለው ክርታስ የሚናገረው ምዕራፍ በግሪክኛው 36ኛው ሳይሆን 43ኛው ነው። ይህ የትናንት ግኝት አይደለም። የጥንቱ የክርስቲያን ሊቅ አርጌንስ (ኦሪጀን) በ3ኛው መቶ ዓመት ለአፍሪካኖስ በጻፈው ደብዳቤ በኤርምያስ ውስጥ ብዙ መዘዋወርና ለውጥ እንዳየ ተናግሯል። ከእርሱ በኋላ ለብዙ ዘመን የተሰጠው ቀላል መልስ ግሪካዊው ተርጓሚ ሰንፎ ወይም ነገር አሳጥሮ ነው የሚል ነበር።

ይህን መልስ ያናጉት በሙት ባሕር ዳር በቁምራን የተገኙት ብራናዎች ናቸው። በ1952 እ.ኤ.አ. ከተገኘው ከ4ኛው ዋሻ የኤርምያስ መጽሐፍ ቁርጥራጮች ወጡ። አንዳንዶቹ ከረጅሙ ጽሑፍ ጋር ይስማማሉ፤ ሁለቱ ግን በዕብራይስጥ ተጽፈው ሳለ የግሪክኛውን አጭር ጽሑፍ ይመስላሉ። አንደኛው የምዕራፍ 9ንና የምዕራፍ 10ን ከፊል የያዘ ነው። ምዕራፍ 10ን በአማርኛችን ብታነብቡት ስለ ጣዖታት የተነገረው ፌዝ በየመካከሉ እየተቋረጠ ለእግዚአብሔር ምስጋና ሲገባበት ታያላችሁ፦ እንጨት ከዱር ይቈረጣል፣ በብርና በወርቅ ያስጌጡታል፣ እንዳይነቃነቅ በችንካር ያቆሙታል፤ ከዚያ በድንገት እንደ አንተ ያለ የለም የሚል ምስጋና ይመጣል፤ ቀጥሎም ፌዙ ካቆመበት ይቀጥላል። ምስጋናውን የያዙት ከ6 እስከ 8 ያሉት ቁጥሮችና ቁጥር 10 በግሪክኛው የሉም። በዚህ የቁምራን ቁርጥራጭ ላይም ለእነርሱ የሚሆን ቦታ የለም፤ ቁጥር 9ም የቆመው ግሪክኛው ባስቀመጠው ቦታ ነው። በሌላው ቁርጥራጭ፣ በዕብራይስጡ አቆጣጠር በምዕራፍ 43፣ ረጅሙ ጽሑፍ «የቃሬያ ልጅ ዮሐናን» የሚለውን ይህ «ዮሐናን» ብቻ ብሎ ያልፈዋል፤ «የዘበኞች አለቃ ናቡዘረዳን» የሚባለውም «ናቡዘረዳን» ብቻ ነው፤ ግሪክኛውም እንዲሁ። እንግዲህ ተርጓሚው አላሳጠረም፤ ከፊቱ የነበረው የዕብራይስጥ መጽሐፍ አጭር ነበር። ለእኔ ይህ የቬልሃውዘንን መላ ምት ሁሉ ከማንበብ የበለጠ ትምህርት ነው፤ ሁለት የተለያዩ የኤርምያስ መጻሕፍት በአንድ ዘመን፣ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ዋሻ ውስጥ ሳይጣሉ ኖረዋል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ የሚያነብብ ሰው የረጅሙን እትም አዘጋጅ ጠባይ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ይህ ሰው፣ ወይም እነዚህ ሰዎች፣ ማብራራት ይወዳሉ። ኤርምያስ ሲጠራ ብዙ ጊዜ «ነቢዩ» የሚለውን ማዕርግ ይጨምራሉ፤ ሰው ሲጠራ የአባቱን ስም ያሟላሉ፤ የትንቢቱን መክፈቻ ያስረዝማሉ። እስከዚህ ድረስ የጥንቁቅ ጸሐፊ ሥራ ነው። ምዕራፍ 25 ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። በአጭሩ ጽሑፍ ከቁጥር 1 እስከ 13 ባለው ክፍል የናቡከደነፆርም የባቢሎንም ስም አይገኝም፤ የሚመጣው ጠላት በስም ያልተጠራ የሰሜን ሕዝብ ነው። በረጅሙ ጽሑፍ ንጉሡም አገሩም በስማቸው ተጠርተዋል፤ ከዚያም አልፎ እግዚአብሔር ናቡከደነፆርን «ባሪያዬ» ይለዋል። ይህ አጠራር በረጅሙ መጽሐፍ በሦስት ቦታ ይገኛል፤ በአጭሩ በአንዱም የለም። አዘጋጁ መቅደሱን ያቃጠለውን ንጉሥ የእግዚአብሔር ባሪያ ብሎ ለመጥራት የደፈረ ሰው ነው። ቤተ መቅደስን ያጠፋ ሰው በእግዚአብሔር እጅ ውስጥ ያለ መሣሪያ ነው ብሎ ለማመን ምን ያህል ዘመን፣ ምን ያህል ለቅሶ እንደሚያስፈልግ ሳስብ፣ እንዲህ ያለውን ሰው «ጽሑፍ የሚያበላሽ» ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

በምዕራፍ 27 ያለው የመቅደሱ ዕቃ ነገር ደግሞ ዘመኑን የሚያሳይ ነው። በአጭሩ ጽሑፍ ኤርምያስ የቀረው ዕቃ ወደ ባቢሎን እንደሚወሰድ ይናገራል፤ ንግግሩም በዚያው ያበቃል። ረጅሙ ጽሑፍ ዕቃው በዚያ እግዚአብሔር እስከሚጎበኘው ቀን ድረስ እንደሚቆይ፣ ከዚያም ወደዚህ ስፍራ እንደሚመለስ ይጨምራል። መጽሐፈ ዕዝራ ዕቃው በቂሮስ ዘመን መመለሱን ይተርካል። ይህን የጨመረው ጸሐፊ መመለሱን የሚያውቅ፣ የነቢዩ የጥፋት ቃል የመጨረሻው ቃል ሆኖ እንዳይቀር የፈለገ ሰው መሆኑን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚረዝመው ጭማሪ 33፡14–26 ነው፤ በግሪክኛው ጨርሶ የለም። እዚህ ላይ አዘጋጁ ሲሠራ እጁን ማየት ይቻላል። በምዕራፍ 23፡5–6 ለዳዊት ጻድቅ ቍጥቋጥ እንደሚነሣና ይህ ንጉሥ «እግዚአብሔር ጽድቃችን» ተብሎ እንደሚጠራ ተነግሯል። በምዕራፍ 33 ያው ቃል ተደግሟል፤ ነገር ግን ስሙ የተሰጠው ለንጉሡ ሳይሆን ለኢየሩሳሌም ከተማ ነው። ከዚያም ዳዊት በዙፋኑ የሚቀመጥ ሰው እንደማያጣ፣ ሌዋውያን ካህናትም መሥዋዕት የሚያቀርብ ሰው እንደማያጡ የሚናገር ኪዳን ተከትሏል። ዙፋኑ ባዶ በሆነበት፣ ከተማይቱና ክህነቱ ግን በቆሙበት ዘመን የኖረ ሰው የአባቱን ትንቢት በፊቱ ዘርግቶ «ይህ ቃል ዛሬ የሚፈጸመው የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ይመስለኛል። የመለሰውም ትንቢቱን ሳይሰርዝ፣ ከጎኑ ሌላ በማቆም ነው። የፊተኛውን አልነካውም፤ ሁለቱም በመጽሐፉ ውስጥ አሉ።

ይህን ስል ግን አጭሩ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፣ ረጅሙ ሁልጊዜ የተነካካ ነው ማለቴ አይደለም። ጃክ ሉንድቦም የተባለው፣ በኤርምያስ ላይ ማብራሪያ የጻፈው አሜሪካዊ ሊቅ፣ ከግሪክኛው ጽሑፍ የጎደለው ብዙው ነገር የጸሐፍት ዓይን ከአንድ ቃል ወደ ተመሳሳዩ ቃል እየዘለለ የጣለው ነው ይላል፤ በአንዳንድ ቁጥሮች ላይ ሊረታ የሚችል ክርክር አለው። በምዕራፍ 28 ደግሞ ጥፋቱ የአጭሩ ወገን ነው። በዕብራይስጡ ኤርምያስም ሐናንያም «ነቢዩ» ተብለው ይጠራሉ፤ ሐናንያ የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ውስጥ ይሰበራል ሲል፣ የእንጨቱንም ቀንበር ከኤርምያስ አንገት ወስዶ ሲሰብረው፣ አንባቢው እንደዚያ ቀን ሕዝብ ማንን እንደሚያምን ሳያውቅ ቆሞ ይመለከታል። ግሪካዊው ተርጓሚ ግን ገና በመጀመሪያው ቁጥር ሐናንያን ሐሰተኛ ነቢይ ብሎ ጠርቶ ነገሩን አፍርጦታል። እውነተኛና ሐሰተኛ ነቢይ ፊት ለፊት ሲገናኙ ከመልካቸው አይለዩም የሚለው የምዕራፉ ኃይል በአንድ ቃል ጠፋ።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበሩት ሊቃውንት ከዚህ ሁሉ ብራና በፊት መጽሐፉን በአእምሮ ብቻ ሊከፋፍሉት ሞክረው ነበር። ጀርመናዊው በርንሃርድ ዱም በ1901 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትርጓሜ ለኤርምያስ ራሱ 280 ያህል ቁጥሮችን፣ ለባሮክ 220 ያህል ቁጥሮችን ሰጥቶ የቀረውን፣ ማለት 850 የሚሆነውን፣ ለኋለኛ ጨማሪዎች አደረገው። ኖርዌያዊው ዚግሙንድ ሞቪንከል በ1914 እ.ኤ.አ. ቅኔውን፣ ታሪኩንና ኦሪት ዘዳግምን የሚመስለውን የስብከት ንግግር ሦስት ምንጭ አድርጎ ለየ። የሞቪንከል ክፍፍል ለማንበብ ይረዳል፤ ስለ ዱም ቁጥሮች ግን ያለኝ ስሜት የተደባለቀ ነው። ለቅኔ ጆሮ ነበረው። ነገር ግን ከምዕራፍ መካከል ግማሽ ቁጥር ነቅሎ «ይህ የነቢዩ ነው፣ ይህ አይደለም» የሚለው ልበ ሙሉነት አሁን ሲነበብ ያስፈግጋል፤ ኤርምያስ ቅኔ እንጂ ስድ ንባብ ሊናገር አይችልም ያለው ማን ነው? በ1986 እ.ኤ.አ. ስኮትላንዳዊው ዊልያም መኬን ያቀረበው ሐሳብ ይበልጥ ያሳምነኛል። መጽሐፉ በአንድ አዘጋጅ በአንድ ዕቅድ የተሠራ ሳይሆን እየተንከባለለ ያደገ ስብስብ ነው፤ አንድ ቁጥር ሌላውን ይጠራል፣ ማብራሪያው ማብራሪያ ይወልዳል። ሁለቱ እትሞች የሚያሳዩት ይህንኑ ነው።

ከቁምራን ቁርጥራጮች ደጋግሜ የምመለስበት አንድ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ200 ዓመት ገደማ የተጻፈ፣ ከኤርምያስ ቅጂዎች ሁሉ የሚቀድም ብራና ነው፤ በጠቅላላው ከረጅሙ ጽሑፍ ጋር ይስማማል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ከምዕራፍ 7 ቁጥር 30 እስከ ምዕራፍ 8 ቁጥር 3 ያለውን አልጻፈውም። በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ይህን ክፍል በጥቃቅን ፊደል በመስመሮቹ መካከል አጨናንቆ አስገባው፤ ቦታ ሲያንሰውም ወደ ኅዳጉ ዞሮ ብራናውን አጋድሞ ጻፈ። የዕብራይስጥ ጽሑፍ ሊቅ የሆነው ኢማኑኤል ቶቭ የመጀመሪያው ጸሐፊ ተሳስቶ የዘለለው ነው ይላል፤ ዩጂን ኡልሪክ ደግሞ ከመጀመሪያው ያልነበረ፣ በኋላ የገባ ክፍል ነው ብሎ ይከራከራል። እኔ ወደ ቶቭ አዘነብላለሁ፤ ክፍሉ በግሪክኛውም ስላለ በጣም ዘግይቶ ገብቷል ማለት ያስቸግራል። ሆኖም የየትኛውም ክርክር ቢረታ፣ አንድ አንቀጽ ወደ ቅዱስ መጽሐፍ ሲገባ በዓይን የሚታይበት ብራና በእጃችን አለ። በአገራችን የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ ቁም ጸሐፊው የሳተውን ሌላው አንባቢ ምልክት አድርጎ በኅዳጉ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጽፈዋል፣ የሚቀጥለው ገልባጭም ኅዳጉን ወደ ዐምዱ ያስገባዋል። በዚያ መካከል ማስተካከል የትኛው፣ መጨመር የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው ሁለቱን ቅጂዎች የያዘ ብቻ ነው።

የእኛም ድርሻ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከጫፍ አይደለም። የግእዙ ብሉይ ኪዳን በመሠረቱ ከግሪክኛው የተተረጎመ፣ በኋለኞቹ ዘመናት ግን በሌሎች ጽሑፎች እየተመሳከረ የታረመ ነው። በምዕራፍ 38 ኤርምያስን ከጉድጓድ በገመድና በአሮጌ ጨርቅ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በሁለቱም እትሞች አለ፤ በምዕራፍ 39 የተሰጠው ተስፋም እንዲሁ። ልዩነቱ ግሪክኛው በዚያ ምዕራፍ ከቁጥር 4 እስከ 13 ያለውን የሴዴቅያስን ሽሽትና የከተማይቱን መቃጠል ስለሌለው፣ አንባቢው ከባቢሎን መኳንንት በር ላይ መቀመጥ በጥቂት መስመር ወደ አቤሜሌክ መድረሱ ነው። በረጅሙ ጽሑፍ ይህ ሰው በጥፋቱ ትረካ መጨረሻ ብቅ የሚል ቢሆንም፣ በአጭሩ ግን የምዕራፉ ዋና ሰው ነው ለማለት ይቻላል። እድገቱም በዕብራይስጥ አላቆመም። ተረፈ ባሮክ በሚባለው መጽሐፍ አቤሜሌክ በለስ እንደ ያዘ 66 ዓመት አንቀላፍቶ ሲነሣ በለሱ ትኩስ ሆኖ ያገኘዋል፤ አውጉስት ዲልማን የግእዙን ጽሑፍ በ1866 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። በግእዝ ብራናዎች ደግሞ ኤርምያስ ለካህኑ ጳስኮር የተናገረው የሚባል አጭር ትንቢት አለ፤ ልጆችህ ክቡሩን በሠላሳ ብር ይሸጡታል የሚል ነው። ማቴዎስ በ27፡9 ከኤርምያስ የጠቀሰው ቃል በኤርምያስ መጽሐፍ ውስጥ ሳይሆን በዘካርያስ 11 ያለውን የሚመስል ስለ ሆነ፣ ይህ ትንቢት ጥቅሱን ወደ ባለቤቱ ይመልሰዋል። ኢዮአቄም ካቃጠለው በኋላ «ብዙ ቃል ተጨመረ» የተባለው ነገር በግእዝ ጸሐፍት እጅም ቀጥሏል።

ለዚህ ነው በዚህ ጥናት ላይ ለሚነሡ የእኛ ወጣቶች ስለ ኦሪት ምንጮች የተጻፈውን በእንግሊዝኛ ከመድገም ሌላ ሥራ እንዳለ የምናገረው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች ፊልሞች በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው በሂል ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹንም ዛሬ ከቤት ሆኖ ማየት ይቻላል። ግእዝ የሚያነብብ ሰው የኤርምያስን ቅጂዎች አሰልፎ በእያንዳንዱ 33፡14–26 አለ ወይስ የለም፣ ካለስ በዐምዱ ውስጥ ነው ወይስ በኅዳጉ፣ በአሕዛብ ላይ የተነገሩት ትንቢቶችስ በመካከል ናቸው ወይስ በመጨረሻ ብሎ ከመዘገበ፣ አጭሩ ኤርምያስ በአገራችን በየትኛው ዘመን ወደ ረጅሙ እንደ ተጠጋ በብራና ላይ ያሳያል። እኔ ብጀምር የምጀምረው ከምዕራፍ 10 ነው፤ አራት ቁጥሮች ብቻ ስለሆኑ በአንድ እይታ ይለያሉ።